ከባዱ መርፌ

ሬዲዮ ጠጋኙ ሁለት የሸክላ ማጫወቻ መርፌዎች መዳፉ ላይ አድርጎ ለብሩክታይት ዘረጋላት። «ቀላሉ ሸክላውን አይጎዳም፤ ግን ለዚህ አሮጌ ማጫወቻ ድምፁ ደካማ ነው። ከባዱ ጎላ አድርጎ ያሰማል፤ በዞረ ቁጥር ግን ይፍቀዋል። ሸክላው አርጅቷል እህቴ፣ በዚህ ሁለት ሦስቴ ካጫወትሽው አበቃለት።» አባቷ አጠገቧ ቢቀመጡም ጆሯቸው ስለደከመ አልሰሙትም። ሸክላው ላይ ያለው፣ እናቷ በልጃገረድነቷ የዘፈነችው አንድ ዘፈን ሌላ ቅጂ የለውም። አርባዋ የወጣው ትናንት ነው። ቤቱ ውስጥ ዘፈን በማይከፈትበት በዚያ ሁሉ ቀን አባቷ ሸክላውን ታቅፈው ነበር የከረሙት።

«ቀላሉን» አለች ሳታመነታ።

ሸክላው ሲዞር እናቷ ከሩቅ እንደምትጣራ ሰው ቀጥና መጣች። አባቷ ጆሯቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ። ዘፈኑ አልቆ መርፌው ባዶውን ሲንኮሻኮሽ ቀና አሉና፣ «ጀመረች እንዴ ልጄ?» አሉ።

ጠጋኙ አቀረቀረ። ብሩክታይት ከባዱን መርፌ ራሷ አንስታ ሰጠችው።

አሁን እናቷ ክፍሉን ሞላችው። የአባቷ ከንፈር ከግጥሙ እኩል ተንቀሳቀሰ፤ ከሞቷ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። የመርፌው ጫፍ ላይ ጥቁር ብናኝ ይጠራቀም ነበር። ዘፈኑ ሲያልቅ ብሩክታይት ብናኙን በጣቷ ጠረገችው፤ እንደ ጥላሸት እጇ ላይ ቀረ።

«ድገሚልኝ» አሉ አባቷ።