የሟሟው ድንጋይ

የብርጓል እጇን እስከ ክርኗ ማሰሮው ውስጥ ከተተች። ድንጋዩ የለም።

እንደገና ዳበሰች። ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሰማዩ እንደ መድፍ ጮኾ ጤፍ ማሳቸው ላይ የወደቀው፣ ከሰል የመሰለ፣ ቡጢ የሚያህል ድንጋይ፤ በገዛ እጇ ያስቀመጠችው። ጣቶቿ ያገኙት ጭቃ ብቻ ነው።

ከሰማይ የመጣ ነገር በረከት ይሁን መዓት እስኪለይ በጸበል ይደር ያሏት የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሚካኤል ነበሩ። እሷም ዘፍዝፋው አደረች። ድንጋይ እንደ ጨው ይሟሟል ብሎ ማን ያስባል?

«ምን ይጎልትሻል? አምጪ እንጂ» አለ አስተርጓሚው ከደጅ።

ደጅ ባሏ ጀምበሩ የፊጥኝ ታስሮ ተንበርክኳል። የአምበር ምሽግ ጣሊያኖች ያን ድምፅ ሰምተው፣ አርበኞች መድፍ አገኙ ብለው ነው በጠዋት የመጡት። ጀምበሩ «መድፍ አይደለም፣ ድንጋይ ነው፤ ቤቴ አለ» ቢላቸው፣ ሹማቸው እስኪ ልየው አለ። ካላየ ምን እንደሚያደርግ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ በቀደም ሁለት ሰው ገበያ መሃል ረሽኗል።

የምታደርገው ጠፋት። ማሰሮውን እንዳለ አቅፋ ወጣች።

«ይኸው ጌታዬ። ድንጋዩ ይኼ ነው፤ ውሃው አሟሟው።»

ሹሙ ጥቁሩን ጭቃ በጣቱ ጨለፈ፣ አሸው፣ አሸተተው። ድኝ ድኝ ይላል። ፊቱ ተለወጠና አንድ ቃል ተናገረ።

«ባሩድ ነው ይላል» አለ አስተርጓሚው፣ ዓይኑን ከእሷ እያሸሸ።

«ባሩድ?» ሳቅ ሊያመልጣት ምንም አልቀረ። «ጸበል ነው እኮ። ባሩድ ሰው ይጠጣል?»

ማሰሮውን አንስታ ተጎነጨች። ደለሉ በጥርሷ መሃል ተንቀጫቀጨ። ዋጠችና ሹሙን ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ወታደሮቹን ነበር የሚያየው። ሁለቱ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።

«የብርጓል» አለ ጀምበሩ። ድምፁ የረጋ ነው። «ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ለእኔም አጠጪኝ።»

መጀመሪያ አልገባትም። የመጨረሻ ጸበሉ መሆኑ ሲገባት እዚያው ፊቱ ተንበርክካ ማሰሮውን ወደ ከንፈሩ አዘነበለች። አማተበችለት፤ እጁ ታስሯልና እሱ ማማተብ አይችልም። ጥቁሩ ውሃ በጢሙ ላይ ወረደ።

በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት፤ ቀስ ብላ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው።