ጭቃ የተቀባው ጉቶ

ትልቁ የዞቢ ዛፍ ከጉልበት በታች ተገዝግዞ ተወስዷል፤ የቀረው ጉቶው ብቻ ነበር። ቢያድግልኝ ተንበርክኮ ሰጋቱራውን ዘገነ። ገና አልደረቀም። ሁለቱ ደን ጠባቂዎች በሚጠብቁት በረሃ ውስጥ የዚህን ያህል ያረጀ ዞቢ አልነበረም፤ ያለበትንም ከእሱና ከሽማግሌው ባልደረባው ከጋሽ ባህሩ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ሌቦች ደርሰውበታል» አሉ ሽማግሌው ከኋላው፣ ክላሻቸውን ከትከሻ ትከሻ እያዛወሩ። «እኔ እንኳ በዚህ ካለፍሁ ወር ሆነኝ። ምን ይደረጋል እንግዲህ።»

ቢያድግልኝ ሰጋቱራውን ከእጁ አራገፈ። ጉቶው ላይ ጭቃ አየ። ከዳር እስከ ዳር በጥንቃቄ ተለስኗል፤ መሃሉ ላይ የመዳፍ አሻራ ቀርቷል። ጥበቃ በተቀጠረ ሰሞን የግራር ቅርንጫፍ ሰብሮ ሲያልፍ ጋሽ ባህሩ ክንዱን ይዘው መልሰውት ነበር። ከኮዳቸው ውኃ አፍስሰው አፈር ለወሱና ስብራቱን በመዳፋቸው ቀቡት። «የቆሰለ ዛፍ እንዲሁ ተትቶ አይኬድም» አሉት። ሌሎቹ ጠባቂዎች በዚህ ልማዳቸው ይስቁባቸዋል። እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ አባት ያያቸው ነበር።

ከተንበረከከበት ሳይነሳ ቀና ብሎ አያቸው።

«ጋሼ፣ ሌባ የቆረጠውን ዛፍ ቁስል ይቀባል?»

 ሽማግሌው ጥፍሩ ሥር ጭቃ የደረቀበትን ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።