የተሳቢው ፒን

ፍቅርአዲስ ትንፋሿን ይዛ ወደ ሽንፋ ወንዝ ወለል ጠለቀች። የክረምቱ ውሃ እንደ አተላ ደፍርሶ ምንም አያሳይም፤ እሷ ግን ትናንት ሲሻገር የሰመጠውን ትራክተር በዳበሳ አገኘችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ረዳት ሆና ግሪስ የቀባችው ስለሆነ እያንዳንዱን ብሎን እጇ ያውቀዋል። ከዳር ሆነው የሚስቡት ወንዶች ሁለት ሰንሰለት በጥሰዋል፤ ምን እንደያዘው ግን አላወቁም። ማሽላ የጫነው ተሳቢ የት ገባ ሲባልማ፣ ሾፌሩ ደረበ በሰው ሁሉ ፊት፣ «እሷ ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዘውን ፒን በደንብ ሳትሰካው ተሳቢውን ጎርፍ ወሰደው» ብሎ ነበር።

ከትራክተሩ ኋላ ስትደርስ እጇ የምትፈልገው ብረት ላይ አረፈ። ደረቷ ሊፈነዳ ደርሷል። እግሯን ጎማው ላይ ተክላ፣ ብረቱን በሁለት እጇ እየወዘወዘች ነቀለችው።

ብቅ ስትል ደረበ፣ «ሰንሰለቱን አጠበቅሽው?» አላት።

«አልነካሁትም። ሳቡት!»

ከዳር ያለው ትራክተር አጓራ። ቀዩ ኮፈን ውሃውን ሰንጥቆ ወጣ፤ ሰዉ በእልልታና በፉጨት አበደ። ባለእርሻው ጋሽ ማዕረግ ወደ እሷ ተጠጉ። «ምን አድርገሽው ነው?»

«ተሳቢው እታች አለ ጋሼ። ማሽላውን እንደጫነ ደለል ውስጥ ተቀብሮ፣ ትራክተሩን አላስወጣ ያለው እሱ ነበር።»

ከዚያ ክንድ የሚያክለውን ፒን በደረበ መዳፍ ላይ አስቀመጠችለት።

«እኔ የሰካሁትን» አለችው፣ «ጎርፍ አይነቅለውም።»