የኅብረ ዝማሬው ቁራ

በዘጠነኛ ክፍል ኅብረ ዝማሬ ውስጥ አንድ ቁራ ነበረ። ማን እንደሆነ ግን አልታወቀም።

የሙዚቃ መምህርቷ እንደ ልማዷ ከፊት ቆማ፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ልጆቹ ዜማው እንዳይጠፋባቸው አብራ እየዘመረች ታስጀምራለች። ሁለት ስንኝ ሳይሄዱ ያ ድምፅ ብቅ ይላል፤ ከዜማው ግማሽ ክንድ ዝቅ ብሎ፣ ያውም ሳያፍር።

«ማነው?» ትላለች።

ሃያ አራት ልጆች አቀርቅረው ጫማቸውን ያያሉ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ ቁርጡን ነግረዋታል፤ በትምህርት ቤቶች ውድድር አንደኛ ካልወጡ የሙዚቃው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ይሰጣል። የሒሳቡ መምህር ከአሁኑ ክፍሏን በሜትር ሲለካ ታይቷል። እሷ ደግሞ ከዚህች ክፍለ ጊዜ አብልጣ የምትወደው ነገር በዓለም ላይ የላትም።

ስለዚህ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠርታ፣ ከረሜላዋን እየመጠጠች በጥሞና አዳመጠቻቸው። አንዱም አልሳተም። ተሰብስበው ስታስጀምራቸው ግን ቁራው ከች!

በመጨረሻ ጥርጣሬዋ ቀውላላው ላይ አረፈ። ከኋላ የሚቆም፣ ድምፁ ገና መጎርነን የጀመረ ልጅ ነው። ቁራው በጮኸ ቁጥር ዓይን ዓይኗን እያየ ከንፈሩን ይነክሳል። እንዲህ የሚያደርገው ጥፋተኛ ብቻ ነው ብላ ደመደመች።

ለብቻው ጠራችው።

«የኔ ልጅ፣ እንዳይከፋህ። ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ፤ ድምፅ እንዳታወጣ።»

«ቲቸር፣ እኔ እኮ…»

«እኮ ምን?»

«ምንም። እሺ።»

በማግስቱም ቁራው አልጠፋም። «አይ እልኸኛ! ተደብቆ እየዘመረ ነው» አለች በሆዷ።

በውድድሩ ዋዜማ ደግሞ የባሰው መጣ። ዝንብ ሲበር የሚሰማበት ያ ጨዋ ክፍል ያለ ወትሮው ቀወጠው። አንዱ ወንበር ይጎትታል፣ አንዷ ታፏጫለች፣ ቀውላላው ከበሮውን ይደልቃል። መምህርቷ «ዝም በሉ!» ስትል ዋለች። ቤቷ ስትገባ እናቷን ሰላም የምትልበት ድምፅ እንኳ አልተረፋትም።

በውድድሩ ቀን ቀውላላውን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አስጠነቀቀችውና በእጇ ብቻ አስጀመረች።

ቁራው የለም! አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አንደኛ ወጡ። የሒሳቡ መምህር ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

ከመድረኩ ጀርባ ተንጠራርታ የቀውላላውን ትከሻ መታ መታ አደረገች። ደስታዋ እንባዋን አምጥቶታል። ወረቀት አውጥታ ጻፈችለት፦ «ቃልህን ስለጠበቅህ አመሰግናለሁ። አንተ ዝም ስትል እንዴት እንዳማረ አየህ?»

ልጁ አነበበና ጓደኞቹን ዞር ብሎ አየ። ሁሉም ጫማቸውን እያዩ ነው።

«ኧረ ቲቸር፣ እኔማ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ነው የዘመርኩት» አለ። «ዛሬ ዝም ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት።»