የሎሚ ወገን

ናሆም በር ቆልፎ ከሄደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን የሚነቀንቅ ሰው ነው። አንዴ አይበቃውም። በስደት በሚኖርበት ከተማ፣ አርካዊት ሰፈር በሚገኘው የዕፅዋት ላቦራቶሪ ሥራ ሲጀምር ሰው ሁሉ ሳቀበት፤ ዶክተር ሉጥፊያ ግን «ተዉት፣ እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ተጠራጣሪ ነው» አሉ።

ሥራው አበባ የሚያወጡ ዕፅዋትን የዘር ሐረግ መቁጠር ነበር። ከአገሩ ዳር እስከ ዳር የተለቀሙ ቅጠሎች ይፈጫሉ፤ ዲኤንኤያቸው ይወጣል፣ ይነበባል። ከዚያ ማን ከማን እንደሚዛመድ ታይቶ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የዛፍ ሥዕል ቅርንጫፍ ይሰጣቸዋል።

«መልክ ያታልላል» ይላሉ ዶክተሯ። «መንታ የሚመስሉ ሁለት አበቦች ባዳ ሆነው ይገኛሉ። ዘር ግን አይዋሽም።»

ናሆምን ያስቀጠረችው ላቦራቶሪውን የምታጸዳው እትዬ ሙላቷ ናት። ዲግሪውን በላስቲክ ጠቅልሎ ባሕሪ ሰፈር ውስጥ ሲሚንቶ ሲሸከም አገኘችውና ዶክተሯ ፊት እስኪሰለቹ ድረስ ቆማ ለመነችለት። እሷ ሳጃና ሰፈር ከልጇ ከናርዶስ ጋር ትኖራለች። የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ያ የፈረደበት ኢቃማ፣ የሚታደሰው በላቦራቶሪው ስም ነው።

ጠዋት ጠዋት በር ላይ ትጠብቀዋለች።

«አንተ ደረቅ፣ ቁርስ በላህ?»

«በላሁ፣ እትዬ።»

«ውሸታም! ወዝህ እኮ ተሟጧል። ና ወዲህ።»

የጋዋኑን ኮሌታ ታስተካክላለች፤ ከጓሮዋ የቀነጠበችውን ጤና አዳም ደረት ኪሱ ውስጥ ትወሽቅና «ዓይን አይብላህ። ያላ፣ ግባ!» ብላ ትገፋዋለች። ከዚያ ወደ ባልዲዋና ወደ ሎሚዋ ትመለሳለች። በረኪናው እጇን ስለሚያሳክካት በግማሽ ሎሚ መዳፏን ስታሽ ትውላለች። ኮሪደሩ ሁሉ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

ናሆም እጁን ይታጠባል። ጠረጴዛውን በአልኮል ይወለውላል፣ አዲስ ጓንት ያጠልቃል፣ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ በየቱቦው ክዳን ላይ ቁጥር ይጽፋል። በመጨረሻው ላይ «ባዶ» ብሎ ይጽፋል። በዚህኛው ውስጥ ቅጠል የለም፤ ንጹሕ ውኃ ብቻ። ባዶው ምንም ካላሳየ ሥራው ንጹሕ ነው። ዲኤንኤ ከተገኘበት ግን ባዕድ ነገር ገብቷልና የሁሉም ውጤት ይጣላል።

አንድ ቀን ባዶው ውስጥ ዲኤንኤ ተገኘ።

ናሆም መጀመሪያ የጠረጠረው ራሱን ነው። እጁ እስኪሰነጠቅ ታጠበ። ውኃውን ለወጠ፣ ቱቦዎቹን ጣለና አዳዲስ ከፈተ፣ ደገመ። ያው ነው። በመጨረሻ ባዕዱን ዲኤንኤ አስነበበው። ቁራጩ አጭር ስለነበረ የትኛው ተክል እንደሆነ አልለየም፤ ወገኑን ብቻ ተናገረ። የሎሚ ወገን።

በተከፈተው በር የሎሚ ሽታ ገባ። ሙላቷ እያንጎራጎረች የማቀዝቀዣውን እጀታ በእርጥብ መዳፏ ትወለውላለች።

ዶክተር ሉጥፊያ በሩን ዘግተው አስቀመጡት።

«የስንት ዓመት ሥራ ነው ገደል የሚገባው። እሷ ናት?»

«ዶክተር፣ ምናልባት…»

«ያ ናሆም፣ ምናልባትህን ዛሬ ተውልኝ! ከዚህ ከወጣች ኢቃማዋም ያበቃለታል። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ በየመንገዱ እያፈሰ ነው። ስለዚህ በደንብ አስብና ንገረኝ። እርግጠኛ ነህ?»

ናሆም ግድግዳው ላይ ወዳለው ዛፍ ቀና አለ። የሎሚን ቅርንጫፍ ከግንዱ ጀምሮ በዓይኑ ተከተለው።

«እርግጠኛ ነኝ» አለ። ይህን ቃል ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ሙላቷ ባልዲዋን አስረክባ ስትወጣ በሩ ላይ አገኘችው።

«ስሜን ማን እንዳነሣ ባውቅ! ይሁን፣ የእጁን ይስጠው» አለች። ደግሞ ኮሌታውን አስተካከለችለት። «አንተን ብቻ እንዳይነኩብኝ።»

በማግስቱ ጠዋት በር ላይ የጠበቀው ሰው አልነበረም። ገባ፣ ታጠበ፣ ወለወለ፣ ሠራ። ባዶው ንጹሕ ሆነ። ደገመው፤ ንጹሕ። በሳምንቱም ንጹሕ።

«አየህ?» አሉ ዶክተሯ፣ ባስቡሳ የሚሉትን ጣፋጭ ለሁሉም እያዞሩ። «ያቺ ሴትዮ ሎሚዋን ይዛ ሄደች፣ እኛም ተገላገልን!»

ሁሉም ሳቁ። ናሆምም ሳቀ። ያን ቀን በሩን ቆልፎ ሲሄድ አልተመለሰም።

ቢሆንም ልማድ ነውና፣ የተበላሸውን ባዶ ቱቦ እስከ መጨረሻው አንብበው እንዲልኩለት ወደ ውጭ አገር ላቦራቶሪ ላከው። ሎሚ መሆኑን በስሙ አረጋግጦ ነገሩን ለመዝጋት ያህል ነው።

መልሱ ሳይመጣ ሙላቷ ሳጃና ገበያ ላይ ታፈሰች። የጎረቤቷ የራሔል ዓይን አብጦ ነበር ላቦራቶሪው በር ላይ ስትደርስ።

«ወደ ድንበር፣ ወደ መተማ ጫኗት» አለች። «ናርዶስ ትምህርት ቤት ነበረች። ስትመለስ ቤቱ ተቆልፏል። ልጅቷ አሁንም ደጁ ላይ ናት፣ ግቢ ብላት እንቢ አለችኝ።»

ራሔል ወደ ናሆም ጠጋ አለች።

«ከመኪናው ላይ ሆና ምን ብላ እንደጮኸች ታውቃለህ? ‹ናርዶስን አደራ! የናሆምንም እንዳትረሺ!› ነው ያለችው። በዚህ ሁሉ መሃል ያንተ ትዝ ይላታል!»

ራሔል ከሙላቷ ጓሮ የቀነጠበችውን ጤና አዳም እንደ ታዘዘችው ደረት ኪሱ ውስጥ ወሸቀችለትና እያለቀሰች ሄደች።

ናሆም ተመልሶ ገባ። ኮምፒውተሩ ላይ ከውጭ አገር የተላከው መልስ ይጠብቀዋል። ከፈተው። ሙሉው ንባብ በዛፉ ላይ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ ሲወጣ ተከተለው፤ እንደጠበቀው ወደ ሎሚ ወገን አቀና።

ሎሚ ላይ ግን አልቆመም፤ በጎኑ ወዳለች ቀጭን ቅርንጫፍ ታጠፈ፣ ናሆምም ጫፏ ላይ ያለውን የላቲን ስም ሁለት ጊዜ አነበበው፤ በአማርኛ ጤና አዳም።