ሁሉም ሰው «መቶ ሃያ በሰማንያ» የሆነበት ክሊኒክ

«አርባ ቀን ሙሉ መቶ ሃያ በሰማንያ? እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ግፊት የለኝም!» አለ ሐኪሙ የሽማግሌውን ስልክ እያየ...

ወዲያው የሽማግሌውን፣ የጡረተኛውን ልብስ ሰፊ፣ ግፊት ራሱ ለካ።

መቶ ሰማንያ በመቶ አስር!

ከሐኪሙ አጠገብ የቆመችው ወጣት ክው አለች። አረጋውያን ቤታቸው የለኩትን የደም ግፊት የሚመዘግቡበትን አፕ የሠራችው እሷ ናታ! ፊደሉን አተልቃ፣ ቁልፉን አቅልላ... ስንት ወር ለፍታበታለች።

«ይህን አምኜ መድኃኒት ብቀንስላቸው ኖሮስ? ካልተስተካከለ ወደ ወረቀታችን እንመለሳለን» አላት ሐኪሙ።

እሷን ግን ነገሩ ከነከናት። መለኪያው ነው? አፑ ነው? ወይስ...

ሽማግሌው መድኃኒታቸው ታዞላቸው ሲወጡ ተከትላ ወረፋ መጠበቂያው ውስጥ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ቁጥሩን ማን ነው የሚሞላልዎት?»

«እኔው ነኛ! ስንት ዘመን መርፌ ውስጥ ክር ያስገባሁ ሰው ይቺ ታቅተኛለች?»

«ታዲያ ለምን ሁሌ አንድ ሆነ?»

ሳቅ አሉ።

«እውነቱን ስጽፍ ቀይ ይበራና ለልጄ መልእክት ይሄዳል። እሷ ደግሞ ሥራዋን ጥላ እየሮጠች ትመጣለች። አለቃዋ አስጠንቅቋታል። በእኔ ዳፋ ትባረር?»

«እና?»

«እናማ አንዲት ወይዘሮ እዚሁ ወረፋ ላይ መላ ነገረችን። 'መቶ ሃያ በሰማንያ በሉት፣ ልጆቻችሁ ሰላም ይውላሉ' አለችን። ይኸው ሁላችንም ሰላም ነን!»

ወረፋው በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ልጅቷም አብራ ሳቀች።

«የትኛዋ ናቸው?»

በአገጫቸው ጠቆሟት...

በሩ ጋ አንዲት ሴት ፊታቸውን በቦርሳ ከልለው ሹልክ ሊሉ ነው።

«እማዬ?!»

አዎ... የገዛ እናቷ!

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያመመሽ?»

«ሁለት ዓመት ሆነኝ... የልጅሽን ስልክ ሲሉኝ የጎረቤታችንን ሰጠኋቸው። እሷ ደግሞ ሚስጥር አትቋጥርም፤ እንዳትነግርሽ ብዬ መቶ ሃያ እያልኩ ከረምኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለሰው እናት ብለሽ እንቅልፍ አጥተሽ እያየሁ፣ እኔ ደግሞ ልጨመርብሽ?»

ልጅቷ አቅፋቸው አለቀሰች።

በሳምንቱ አፑን ቀየረችው። አሁን ቁጥሩ ለሐኪሙ ይሄዳል፤ ለሌላ ሰው ከመላኩ በፊት ግን ታማሚውን ራሱን ይጠይቃል፦ «ለማን ይነገርልዎ?»

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ስልኳ ጮኸ። መቶ ስልሳ አምስት በዘጠና አምስት።

ከሥሩ የእናቷ ምርጫ፦ «ለልጄ ይነገራት።»

ወዳጆቼ... ወላጆቻችን የሚደብቁን ስልክ ስለማያውቁ አይደለም፤ እኛን ስለሚያውቁን ነው! የምንሠራላቸውን ነገር ከመሥራታችን በፊት እነሱን እንጠይቅ።

እስቲ እውነቱን ንገሩኝ... እናታችሁ «ደህና ነኝ» ስትላችሁ ታምኗታላችሁ? ኮሜንት ላይ እንነጋገር 👇