እኩል እርምጃ

«አንዴ ደግሞ ይምጡልኝ ጋሼ» አለች የእንስሳት ሐኪሟ፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተንበርክካ። ፈንጂ አነፍናፊዋ ውሻ ከአሠልጣኟ ጎን ሳትለይ መጣች፤ አሁንም ታነክሳለች። ነገሩ ለሐኪሟ አልዋጥላት አለ። ውሻዋ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ወዲህ እግሯ እንዲጠነክር ሦስት ወር ሙሉ ውሃ ውስጥ ስትራመድ ከርማለች። ራጁ ንጹሕ ነው፣ ጡንቻዋ ሞልቷል፣ መገጣጠሚያዋን ሲጫኑትም ዝም ትላለች። የምታነክስ ውሻን ደግሞ ወደ ሥራ ትመለስ ብላ አትፈርምም።

«እስቲ ገመዱን ለእኔ ይስጡኝ።»

«ከእኔ በቀር ማንንም አትከተልም» አለ አሠልጣኙ፣ እጁ አንጓ ላይ ሁለት ዙር የጠመጠመውን ገመድ እየፈታ። ውሻዋ ግን ጉድ አደረገችው። ከሐኪሟ ጋር ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሄዳ ተመለሰች፤ አራቱም እግሮቿ ወለሉን እኩል ይረግጣሉ፣ የማንከስ ምልክት የሚባል የለም።

ሐኪሟ ገመዱን መለሰችለትና አንድ ዙር እንዲደግሙላት ጠየቀችው። አሁን ዓይኗን ከውሻዋ ላይ አንሥታ የሰውየውን ጫማ ተከተለች። ቀኝ እግሩን ባሳረፈ ቁጥር እሳት እንደረገጠ ሰው ቶሎ ያነሣዋል፤ ውሻዋም እርምጃዋን ከእሱ ጋር ለማስተካከል አብራው ታነክሳለች።

«ጋሼ፣ ጉልበትዎን ማመም ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?»

ሰውየው ወደ ውሻዋ አየ።

«ዓመት አልፎታል» አለ። «ባለቤቴ እንኳን አላወቀችብኝም።»

ከዚያ ገመዱን ከእጁ አንጓ ላይ እንደገና ፈታና፣ ሐኪሟ ሳትጠይቀው አቀበላት።